ለእስር ቤት ቦታ ያላጣች ቃሊቲ ለኳስ ሜዳ ቦታ አጣች!

ጎበዝ! አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። “በሜዳዬ የምጫወተው ጨዋታ” ብሎ ሻንጣውን ሸክፎ ሰው አገር የሚሄድ ቡድን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አይተናል። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ጋናን “በሜዳቸው” ያስተናገዱት ጆሃንስበርግ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን ያህል ቡድን ሁለት ለዜሮ የረቱት “በሜዳቸው” ነው፤ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ሴራሊዮንን የጋበዙት ሞሮኮ ድረስ ወስደው ነው። ባለቤቱ እንግዳ፣ እንግዳውም እንግዳ!

ያ የግብፅ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ከስታዲየም እስከ ቃሊቲ ያለው መንገድ በጭፈራ ይዘጋ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ከተማው ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የግብፁን ድል ግን በየቡና ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ተኮልኩለን አየነው። ጨፈርን፤ ግን የሰው ቤት ሠርግ ነበር።

ይኼ የደረሰው በማን ላይ ነው? በ1949 ዓ.ም. ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና ካፍን በመሠረተች አገር ላይ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን ሲቀበል እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ባጨበጨበች አገር ላይ ነው። ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ለካፍ ፕሬዚዳንትነት ባበቃች አገር ላይ ነው። በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን ያስተናገደች አገር፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አንድ የማጣሪያ ጨዋታ የምታስተናግድበት ሜዳ አጣች። ኧረ ወዴት እየሄድን ነው?

ካፍ የጠየቀን ጨረቃ አይደለም። ለተመልካች ወንበር፣ ለተጫዋች ወግ ያለው መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ደህና ሣር፣ የሕክምና ክፍል፣ ለጋዜጠኛ መቀመጫ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከሃምሳ ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለ ስታዲየም አለ። ግዙፍ ነው፤ ሳያልቅ ግን ብዙ ጨዋታ ተደረገበት። መስከረም 2014 ዓ.ም. ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትንበትና ከዚያ በኋላ ካፍ በቃችሁ አለን። ኮንክሪቱን አቁመን፣ ሪባኑን ቆርጠን፣ ወንበሩንና ሻወሩን “በሁለተኛው ምዕራፍ” ብለን ስለተውነው ነው።

“ምዕራፍ” ስል አደይ አበባ ስታዲየም ትዝ አለኝ። ቦሌ ላይ በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። 62 ሺህ ሰው ይይዛል ተባለ። የቻይና ተቋራጭ መጣ። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ከ2 ቢሊዮን ብር በላይ፣ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለሁለተኛው ምዕራፍ ከ5 ቢሊዮን ብር በላይ ውል ተፈረመ። የዶላሩ ነገር፣ የብሩ ነገር፣ የተቋራጩ ነገር እየተባለ 2017 ዓ.ም. ሳይጠናቀቅ ደረሰ። ያ ሁሉ እየታየ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲሰበሰብ፣ እኤአ የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ እናስተናግድ ብለን ጠየቅን። መመኘት ጥሩ ነው። ግን “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ” ያለው ያገሬ ሰው ማንን ብሎ ነበር?

አሁን ወደ እኛ ሠፈር ልውሰዳችሁ። እኔ የቃሊቲ ሰው ነኝ። ቃሊቲን አገር የሚያውቃት በምንድን ነው? በእስር ቤቷ ነው። እስክንድር ነጋ፣ ርዕዮት ዓለሙና ሌሎችም ብዕረኞች የታሰሩባት መሆኗን ፈረንጅ ሳይቀር ያውቃል። የከተማው ፍሳሽ የሚጣራው ቃሊቲ ነው። የጉምሩኩ ኮንቴይነር የሚከመረው ቃሊቲ ነው። የፋብሪካው ጭስ ቃሊቲ፣ ዝቃጩም አቃቂ ወንዝ ውስጥ ነው። ኮንዶሚኒየሙ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ እያለ ሕዝቡን በሕዝብ ላይ ጨመረው። እስር ቤት ሲባል ቦታ አለ፤ መጋዘን ሲባል ቦታ አለ፤ ፍሳሽ ሲባል ቦታ አለ። የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የሚያስተናግድ ስታዲየም ሲባል ግን ቦታ የለም!

ልጆቻችን ኳስ የሚያዩት እንዴት ነው? ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡር አለን ተባልን። ከቃሊቲ ተነሥቶ ስታዲየም የሚባል ፌርማታ ያደርሳል። እሰይ! ግን አዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት ለዕድሳት ተዘጋ። ሊጉም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለዓመታት በየተመረጠው ከተማ እየዞረ ሲካሄድ፣ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ድሬዳዋና ሐዋሳ መሄድ ግድ ሆነበት። የጉልበት ሠራተኛ ልጅ የአውቶቡስና የአልጋ ከየት ያምጣ? ፌርማታው አለ፣ ጨዋታው የለም።

እኔ ኳስ የለመድኩበት ሜዳ ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሮ መጋዘን ሆኗል። ማን እንደሰጠው፣ ለማን እንደተሰጠ የጠየቅነው መሥሪያ ቤት ሁሉ “ፋይሉ እኛ ጋ አይደለም” አለን። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት ማለት ይኼ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከተማው በየሠፈሩ ትንንሽ ሜዳ እያሠራ ነው፤ ይኼን መካድ አይገባም። ግን አምስት ለአምስት የሚጫወቱበት ሜዳ ስታዲየም አይደለም።

“የፋብሪካ ሠፈር ስታዲየም ምን ያደርግለታል?” የሚል አይጠፋም። ለዚህ ሰው ስለ ካሺማ ልንገረው። ጃፓን ውስጥ ከቶኪዮ በስተ ምሥራቅ ያለች፣ የሱሚቶሞ ብረት ፋብሪካ የተተከለባት የወደብ ከተማ ናት። ያኔ ነዋሪዋ 50 ሺህ አይሞላም ነበር። ቡድኗ የፋብሪካው ሠራተኞች ቡድን ነው፤ ያውም ሁለተኛ ዲቪዚዮን። ጃፓኖች የባለሙያ ሊግ ሊጀምሩ ሲሉ ካሺማም ልግባ አለች። “በጭራሽ! ካልሆነ ግን ጣሪያ ያለው፣ 15 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ ለኳስ ብቻ የተሠራ ስታዲየም ይኑርሽ” ተባለች። የተባለው እንድትተወው ነበር። እሷ ግን አልተወችም። የክፍለ ሀገሩ አስተዳደር ሠራው፤ ሊጉ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ሲጀመር ስታዲየሙ አልቆ ጠበቀው። ብራዚላዊው ዚኮ በመክፈቻው ጨዋታ ሦስት ጎል አገባ፤ ካሺማ ናጎያን 5 ለ 0 አሸነፈች። ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ያንኑ ስታዲየም አስፍተው አገር አስተናገዱበት። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የዚያ የፋብሪካ ቡድን ልጆች በክለቦች የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሪያል ማድሪድን ጭማሪ ሰዓት ውስጥ አስገብተው ነው 4 ለ 2 የተሸነፉት።

ልብ በሉ፤ ከ15 ሺህ ጀመሩ፣ ጨረሱ፣ ከዚያ አስፉ። እኛ ከ62 ሺህ ጀመርን፣ አልጨረስንም። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ልዩነቱ እነሱ ስታዲየም የሠሩት ለሚጫወተው ልጅና ለሚያየው ሠራተኛ ሲሆን፣ እኛ የምንሠራው ለሚመርቀው ባለሥልጣን መሆኑ ነው። ብረት ፋብሪካ እንደሆን ቃሊቲም አለ። የፋብሪካ ቡድንም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ደጋግሞ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። መጨረስም አንችልም አይባልም፤ ወልዲያ ላይ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም በአንድ ባለሀብት ገንዘብ አልቆ ጥር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኋላ ጦርነት ቢጎዳውም።

“ሕዝቡ ዳቦ አጥቶ ስለ ስታዲየም ታወራለህ?” ትሉኝ ይሆናል። እኔ እኮ አዲስ ገንዘብ አምጡ አላልኩም! የዳቦው ገንዘብ ቦሌ ላይ ኮንክሪት ሆኖ ቆሟል። ሌላው ገንዘብ ደግሞ ለቡድኑ የአውሮፕላን ትኬት፣ ለሆቴልና ለሰው አገር ሜዳ እየተባለ በውጭ ምንዛሪ ወጥቷል። ዳቦ ለሚጠይቅ ሕዝብ መልሱ ያላለቀ ግንብ ነው እንዴ?

እንግዲህ የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለአደይ አበባና በየክልሉ ተጀምረው ለቀሩት ስታዲየሞች የወጣው ገንዘብ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ለሕዝብ ይነገር። ኦዲተር ይመርምረው፤ ያጠፋ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የሠፈር ኳስ ሜዳ ሁሉ እንደ ቤት ካርታ ይውጣለትና ማንም ሹም በደብዳቤ ቆርሶ የማይሰጠው ይሁን። ሦስተኛ፣ ለአቃቂ ቃሊቲ ከ10 እስከ 15 ሺህ ሰው የሚይዝ አንድ ስታዲየም ይሠራላት፤ መልበሻ ክፍሉና ወንበሩ አብሮ አልቆ። ጭሳቸውን ለእኛ፣ ትርፋቸውን ለራሳቸው ያደረጉ ፋብሪካዎችም እጃቸውን ይዘርጉ።

የሠፈሬ ሰዎች! “ከላይ ያውቃሉ” እያልን ሜዳውን ሁሉ አስወሰድን። ከላይ ያሉት የሚያውቁት ከታች ያለው ሲጮህ ነው። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ኮብልስቶን ተነሥቶ ከመበተኑ በፊት፣ አንዱ ተነሥቶ “የልጆቻችን ሜዳ የት ደረሰ?” ይበል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል!