የኩፐርቲኖ ሞራ ገላጮች

ግንቦት ሊያልቅ ሲል የቴክኖሎጂው ዓለም ሞራ ገላጮቹን ያስቀምጣል። የኩፐርቲኖው አፕል ሰኔ መግቢያ ላይ በሚጠራው ዓመታዊ የሶፍትዌር አበልጻጊዎች ጉባኤ ምን ይዞ ብቅ ሊል ነው? ስልኩ ምን ይለብሳል? የድምፅ ረዳቱ ሲሪስ ዘንድሮ ልብ ትገዛ ይሆን?

የድሮው ሞራ ገላጭ በሬው ታርዶ፣ ሞራው ተዘርግቶ፣ ሥሩን በዓይኑ እየተከተለ ነበር የሚናገረው። የዛሬዎቹም ከዚያ ብዙ አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሐምሌ ላይ አፕል ሆምፖድ ለተባለው ድምፅ ማጉያው ያዘጋጀውን ሶፍትዌር ሳያስበው ለሕዝብ ለቀቀ። አበልጻጊዎች ኮዱን ሲበረብሩ አንዲት ትንሽ ሥዕል አገኙ፤ ፊቱን ሁሉ ስክሪን የሸፈነው፣ ከታች ክቡ ቁልፍ የሌለው ስልክ። ባለቤቱን በፊቱ ለይቶ ስለሚከፈትበት ዘዴም እዚያው ፍንጭ ነበር። አይፎን ኤክስ መድረክ ላይ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም ነው።

ሁሉም ግን ኮድ አይበረብርም። የብሉምበርጉ ጋዜጠኛ ማርክ ጉርማን ጉልበቱ ከውስጥ ሹክ የሚሉት ሰዎች ናቸው። በ2025 ቀጣዩ የአይፎን ሶፍትዌር፣ አይኦኤስ፣ ከ18 ዘሎ 26 እንደሚባል፣ ጉባኤው ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ጻፈ። መልኩ ከሥር መሠረቱ እንደሚለወጥ ደግሞ ገና በመጋቢት ተናግሮ ነበር። ጉባኤው ሲከፈት ሁለቱም ልክ ሆኑ፤ መስታወት የሚመስለውን አዲሱን መልክ ኩባንያው «ሊኩዊድ ግላስ» አለው።

ይህ ዓይነቱ ትንቢት የሚሰምረው ግን ልብስ ላይ ነው። መልክና ስም በብዙ እጅ ያልፋል፤ ብዙ እጅ የነካው ነገር ደግሞ ሾልኮ መውጣቱ አይቀርም። ጥቂቶች ጓዳ ዘግተው የሚሠሩት ሲሆንስ? የአፕል መሐንዲስ የነበረው ክሪስ ላትነር ስዊፍት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረው በ2010 ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በአፕል ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው ሳያውቀው ተሠራ። በ2014ቱ ጉባኤ ይፋ ሲሆን አዳራሹን የሞሉት ፕሮግራመሮች ደነገጡ። ዛሬ አዲስ የአይፎን መተግበሪያ የሚጽፍ ሰው በአብዛኛው የሚጽፈው በስዊፍት ነው። ከዚያ ጉባኤ በፊት የተጻፈው ግምት ሁሉ ዋናውን ነገር ሳያይ አልፏል ማለት ነው።

የ2024ቱ ታሪክ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሳተው ጠንቋዩ ሳይሆን ባለቤቱ አፕል ራሱ ነው። ገማቾቹ የኩባንያውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ «አፕል ኢንተለጀንስ» የሚለውን ስሙን ሳይቀር፣ አስቀድመው አውቀዋል፤ ቻትጂፒቲ እንደሚገባበትም ተናግረዋል። ጁን 10 ቀን በታየው፣ አስቀድሞ በተቀረጸው ዝግጅት ላይ አንዲት የኩባንያው ሠራተኛ እናቷ የተሳፈረችበት አውሮፕላን መቼ እንደሚያርፍ ሲሪን ጠየቀች። ሲሪ ኢሜይሉን አገላብጣ፣ በረራውን ተከታትላ መለሰች። ቀጥላ ስለ ምሳ ቀጠሯቸው ጠየቀቻት፤ እሱንም ከመልእክቶቻቸው መሐል ፈልጋ አወጣች። ሲያዩት ያስቀናል። ማስታወቂያም ተሠራለት፤ ሰው ያንን ተስፋ አድርጎ ስልክ ገዛ።

በ2025 መጋቢት ላይ ኩባንያው ይህ የሲሪ ሥራ ከታሰበው በላይ ጊዜ እንደሚወስድ አስታወቀ፤ ማስታወቂያውንም አነሳ። በዚያው ዓመት ጉባኤ ላይ የሲሪ ነገር በሩጫ ታለፈ።

እንግዲህ በቅድመ ግምት ሽሚያው ውስጥ የጎደለው ጥያቄ «የተባለው ደረሰ ወይ?» የሚለው ነው። ገማቾቹ «መድረክ ላይ ምን ይባላል?» ብለው ይወራረዳሉ፤ በማግስቱም ነጥብ ይቆጥራሉ። የጉርማንን የ2024 ዝርዝር በማግስቱ ያረመ ሰው ከፍተኛ ማርክ ይሰጠዋል። በዓመቱ፣ ስልኩን ይዞ ቢያርመው ግን ለእናትየዋ በረራ የሚሰጠው ነጥብ ዜሮ ነው፤ ጥፋቱም የጉርማን አይደለም። ጋዜጦች ዝርዝሩን በዓመቱ መልሰው ቢያትሙት፣ ከየአንዳንዱ ተስፋ ጎን ገባ ወይም አልገባ የሚል ቢጽፉበት፣ አንባቢ ከአሥር አዳዲስ ሹክሹክታዎች የበለጠ ይጠቀማል። ደግሞም ወጪ የለውም።

ያቺ የአውሮፕላን ጥያቄ ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ ናት። ከቦሌ ተነስታ ዋሽንግተን ዳለስ የምታርፍ እናቱን ሊቀበል መኪና የሚያሞቅ ሰው በየቀኑ አለ። እሱ ግን «እማዬ ስንት ሰዓት ትደርሳለች?» ብሎ በቋንቋው ቢጠይቅ ሲሪ አማርኛ አትሰማም። ብትሰማ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ፦ ማሽኑ 8 ሰዓት ሲል ልጅየው ጠዋቱን ይረዳል፤ ቦሌ የሸኘቻት እህቱ ግን በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ብላ ከሰዓት በኋላ ትጠብቃለች። ይህን በግምት ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባ ሞራ ገላጭ እስካሁን አልታየም።