ሌላኛው ዓይኑ የት ሄደ?

አንድ እሑድ ከቤተሰቤ ጋር ምሳ ልንበላ ወደ አንድ የባህል ምግብ ቤት ሄድን። ከተቀመጥንበት ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ፣ ትልቅ የዓድዋ ጦርነት ሥዕል ተሰቅሏል። የአምስት ዓመት ልጄ እጇን ታጥባ ከተቀመጠች ጀምሮ ዓይኗን ከሥዕሉ ላይ አልነቀለችም። ቆይታ “እማዬ፣ የዚህ ሰውዬ ሌላኛው ዓይኑ የት ሄደ?” አለችኝ። እኔ ደግሞ ምግቡ ላይ ነበርኩ። “አሁን ብይ፤ እየበሉ አይወራም” ብዬ አስቆምኳት። በላች። ስለ ሥዕሉ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም።

ማታ ከተኛች በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም ልጄ ያየችው ነገር የሠዓሊው ስህተት አልነበረም። በባህላዊው የአገራችን አሣሣል ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ ሆኖ፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ክፉዎችና ጠላቶች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። በብዙዎቹ የዓድዋ ሥዕሎችም በአንድ ወገን የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን በሙሉ ፊት ሲታዩ፣ በሌላው ወገን ያሉት የጣሊያን ወታደሮች በጎን ይታያሉ። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሥዕል ስንት ጊዜ እያየሁ አልፌያለሁ! ገና ፊደል ያልቆጠረችው ልጄ ግን ሠዓሊው ሊነግረን የፈለገውን ከእኔ ቀድማ አየችው። እኔ ደግሞ ዝም አሰኘኋት።

ብዙዎቻችን ያደግነው በትልልቆች ፊት ዝም ስንል “ጨዋ ልጅ” እየተባልን ነው። ወላጅ ስንሆን ታዲያ ወይ ዝም እናሰኛለን፣ ወይ ደግሞ እንደ ፈተና እንጠይቃለን፦ “ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ ምን ዓይነት ቀለም ነው?” መልሱን እኛ አስቀድመን ስለምናውቀው ልጁ ሥዕሉን ትቶ የእኛን ፊት ማየት ይጀምራል።

በኒውዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ የናዋይንና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አቢጌይል ሃውዘን በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርተዋል። ያዘጋጁት ዘዴ በሦስት ቀላል ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። በእኛ ቤት አነጋገር እንዲህ ልንላቸው እንችላለን፦ “እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው?”፣ “ምን አይተሽ ነው እንደዚያ ያልሽው?”፣ “ሌላስ ምን ይታይሻል?”

ከጥያቄው የሚከብደው መጠበቁ ነው። ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። መልሱ ስህተት ቢመስልዎ እንኳ ለማረም አይቸኩሉ። ልጅዎ በዓድዋው ሥዕል ላይ ከሰማይ በነጭ ፈረስ የሚታየውን ቅዱስ ጊዮርጊስን “ዝናብ የሚያዘንበው ሰውዬ ነው” ሊልዎ ይችላል። ምን አይቶ እንደሆነ ሲጠይቁት “ደመና ላይ ስለሆነ” ይልዎታል። በደንብ አይቷል፤ ምክንያትም ሰጥቷል። የሚለውን ከጨረሰ በኋላ ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን ይንገሩት። ራሱ ካየው ነገር ጋር ስለተያያዘለት አይረሳውም።

ዕድሜውንም ያገናዝቡ። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ በጣቱ እያመለከተ ስም መጥራት ይበቃዋል። አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው ተረት ይፈጥርበታል። ሰባት ዓመት ገደማ ሲደርስ “ሠዓሊው ለምን እንዲህ አደረገው?” ማለት ይጀምራል።

ለመውጣት ካሰቡ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉት፤ ዓይን እየቆጠሩ ደጉንና ክፉውን መለየት ለልጆች ጥሩ ጨዋታ ነው። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደግሞ ባለቀለም የመስታወት ሥዕሎች አሉ። ሁሉንም ላዳርስ ግን አይበሉ። ሁለት ሥዕል፣ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ልጅዎ ሳይሰለች ይውጡ።

ቤትም ቢሆን የሚታይ ነገር አይጠፋም። የግድግዳው ካላንደር፣ የተረት መጽሐፉ ሽፋን፣ የአያት ቀሚስ ጥለት አለ። “የትኛው ቀለም ተደጋገመ?” ብለው ይጀምሩ። ልጅዎ ራሱ ሥሎ ሲያመጣልዎ ደግሞ “ይሄ ምንድን ነው?” ከማለት “እስቲ ስለ ሥዕልህ ንገረኝ” ይበሉት።

እኛም ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ምግብ ቤት ተመለስን። ሥዕሉ ስር ተቀምጠን “ምን ይታይሻል?” አልኳት። ዝም አለች። አሥር ቆጠርኩ፤ ደግሜ አሥር ቆጠርኩ። ተስፋ ልቆርጥ ስል “ሴትም ፈረስ ላይ አለች” አለችኝ፣ እቴጌ ጣይቱን በጣቷ እያሳየችኝ። “እሷ ሁለት ዓይን አላት። እማዬ፣ አንድ ዓይን ያላቸው የተጣሉን ናቸው አይደል?”

ማንም አልነገራትም። የዚያን ቀን ሽሮው እስኪቀዘቅዝ አወራን። እርስዎም በዚህ ወር አንድ ሥዕል ይምረጡና ከልጅዎ ጎን ቁጭ ይበሉ። ከጠየቁ በኋላ ግን አሥር መቁጠሩን እንዳይረሱ።