ገዳዩ ከታወቀ በኋላ

የ«ትዊን ፒክስ» ወዳጆች ሲገናኙ ወሬው የሚጀምረው ከቀዩ መጋረጃ ነው። ጥቁርና ነጭ መስመሩ የሚጠማዘዘው ወለል፣ ቀይ ልብስ ለብሶ የሚጨፍረው አጭር ሰው፣ ግንዲላ እንደ ሕፃን ታቅፋ የምትዞረው ሴትዮ፣ ጉጉቶቹ። ከዚያ «ጁዲ ማን ናት?» ይመጣል፤ «ኩፐር መጨረሻ ላይ የገባው የትኛው ዓለም ውስጥ ነው?» ይከተላል፤ ሌሊቱ ይጋመሳል። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሲተነተን ኖሯል። እኔም ከትንታኔው ብዙ አንብቤአለሁ፤ አንዳንዱ ከድራማው ባልተናነሰ ያዝናናል። ሆኖም ይህ ሁሉ ሰው ምስጢር ፍለጋ ወደ መጋረጃው የሚጋፋው ምስጢሩ ያለበትን ቤት ላለማየት ይመስለኛል። ቤቱ የፓልመሮች ቤት ነው። ፎቅ አለው፤ ከደረጃው በላይ የጣሪያ ማራገቢያ ይዞራል። እዚያ ምን እንደተፈጸመ ድራማው በተጀመረ በሰባተኛው ወር ተነግሮናል። ገዳዩን ገና ያላወቀ አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ከዚህ በኋላ በስሙ እጠራዋለሁ።

ድራማውን የፈጠሩት ዴቪድ ሊንችና ማርክ ፍሮስት ናቸው። ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 1990 ማሳየት ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አየው። ትዊን ፒክስ በዋሽንግተን ግዛት፣ በካናዳ ድንበር አጠገብ ያለች የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ ናት። ከተማዋ ልብ ወለድ ብትሆንም ፏፏቴዋ እውነተኛው የስኖኳልሚ ፏፏቴ ነው። አንድ ማለዳ ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ ሰው ውኃ ዳር በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሬሳ ያገኛል። ሟቿ ላውራ ፓልመር ናት፤ በትምህርት ቤቷ ዘውድ የደፋች፣ ከተማው ሁሉ «የኔ ልጅ» የሚላት ወጣት። ኤፍቢአይ ዴል ኩፐር የተባለ መርማሪ ይልካል። ቡናና የቼሪ ፓይ የሚወድ፣ ሕልሙን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር፣ ሐሳቡን በቴፕ እየቀረጸ ዳያን ለምትባል ሴት የሚልክ ሰው ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ የወንጀል ድራማ ውስጥ ሬሳ የመርማሪው ሥራ መጀመሪያ ነበር፤ ከተነሣ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። እዚህ ግን የመጀመሪያው ክፍል እኩሌታው ለቅሶ ነው። ሬሳዋን ፎቶ እንዲያነሣ የታዘዘው ምክትል ሸሪፍ እንባው አላስቆም ይለዋል። እናቷ ሳራ ልጇን ከመኝታ ክፍሏ ስታጣት እዚህም እዚያም ትደውላለች። ባሏ ሊላንድ ጠበቃ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ላይ እያለ ስልክ ተጠርቶ ሊያረጋጋት ይሞክራል። በዚህ መሃል የሸሪፉ መኪና ከውጭ ይቆማል። ሸሪፉ ገብቶ ወደ እሱ ሲራመድ፣ ገና አንድ ቃል ሳይወጣው፣ ሊላንድ ይገባዋል። የስልኩ እጀታ ከእጁ ይወድቃል፤ ካሜራው ገመዱን ተከትሎ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከተንጠለጠለው እጀታ ውስጥ የእናት ጩኸት ይሰማል። መርዶ በአንድ ዐረፍተ ነገር አይነገርም፣ ለቅሶም ጊዜ ይወስዳል ብሎ ላደገ ተመልካች ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም።

የቀብሩም ቀን እንዲሁ ነው። የላውራ ጓደኛ ቦቢ ቄሱን አቋርጦ ሕዝቡ ላይ ይጮኻል፤ ችግር ላይ እንደነበረች ሁላችሁም ታውቁ ነበር፣ የገደልናት ሁላችንም ነን ይላቸዋል። ሊላንድ በሬሳ ሳጥኑ ላይ ይወድቅና ማውረጃው ተበላሽቶ ከነሳጥኑ ወደ ላይና ወደ ታች ይለዋል። ከዚያ ወዲያው አስተናጋጇ ሼሊ ይህንኑ በናፕኪን መያዣ እያስመሰለች ምግብ ቤት ውስጥ ደንበኞቿን ታስቃለች። እኔ ድራማውን የማምነው በዚች ሳቅ ምክንያት ነው። ከተማዋ ቦቢ ያለውን ሰምታለች፤ ማውራት የመረጠችው ግን ስለ ሳጥኑ ነው።

ኤቢሲ ገዳዩ በቶሎ እንዲገለጥ ግፊት አደረገ፤ ኖቬምበር 10 ቀን 1990 ተገለጠ። ገዳዩ አባቷ ሊላንድ ነው። በላዩ ላይ ቦብ የሚባል ክፉ መንፈስ አድሮበታል፤ ልጅቱንም ከልጅነቷ ጀምሮ ሲደፍራት ኖሯል። ቦብን የተጫወተው ፍራንክ ሲልቫ ተዋናይ ሳይሆን የመድረኩን ዕቃ የሚያሰናዳ ሠራተኛ ነበር። ሳራ የምትጮኽበት ትዕይንት ሲቀረጽ ምስሉ በስህተት መስታወት ውስጥ ይገባል፤ ቀራጩ «ተበላሽቷል» ሲል ሊንች ደስ አለው፣ ሰውየውንም ድራማው ውስጥ አስቀረው።

የመገለጫው ክፍል ዛሬም ለማየት ይከብዳል። ሳራ ደንዝዛ በደረጃው ላይ እየዳኸች ትወርዳለች። ሸክላው አልቆ መርፌው ባዶውን እየዞረ ያንኳኳል። ሊላንድ መስታወት ፊት ቆሞ ክራባቱን ያስተካክላል፤ መስታወቱ የሚያሳየው ቦብን ነው። ከዚያ የላውራን የአጎት ልጅ ማዲን እዚያው ሳሎን ውስጥ ይገድላታል። ሁለቱንም ልጆች የተጫወተችው ሸሪል ሊ ስለሆነች ላውራ ዓይናችን እያየ ሁለተኛ ትሞታለች። በዚያው ሰዓት በከተማው መጠጥ ቤት ዘፋኟ ትዘፍናለች፤ የላውራ የቅርብ ጓደኛ ዶናና ቦቢ ምን እንደነካቸው ሳያውቁ ሆድ ይብሳቸዋል።

ሊንች እስከ መጨረሻው፣ ምስጢሩን በግድ ማስፈታት ወርቅ የምትጥለውን ዝይ ማረድ ነበር ይል ነበር። ብዙ ሰው በዚህ ይስማማል፤ እኔ አልስማማም። መልሱን ይዛችሁ ያንን የስልክ ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። ሊላንድ ሳይነገረው የገባው ለምንድን ነው? የአባት ልብ ነግሮት ነው ወይስ ሌሊቱን ከየት እንደመጣ ያውቃል? ሳራስ የምትጮኸው ዛሬ በሰማችው ነው ወይስ ለዓመታት ላለመስማት በተኛችው? ገዳዩ ሳይታወቅ እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሣ አልነበረም።

ሊላንድ ተይዞ ከሞተ በኋላ ኩፐር፣ ሸሪፉና ባልደረቦቻቸው ጫካ ውስጥ ቆመው ቦብ በእርግጥ አለ ወይስ የለም እያሉ ያወራሉ። ሸሪፉ ማመን ያቅተዋል። ኩፐር ታዲያ አንድ ሰው የገዛ ልጁን ደፍሮ ገደለ ብሎ ማመኑ ይቀልሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። «ሰይጣን አሳስቶት ነው» የሚለው ቃል ስንቱን ነውር እንደሸፈነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ቦብ መኖሩ አባትየውን ነጻ ያወጣዋል ወይ? ድራማው አቋም አይወስድም፤ ደካማው ጎኑ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሊላንድ በኩፐር እቅፍ ውስጥ እያለቀሰ ይቅርታ ወደሚመስል ብርሃን ይሄዳል። ላውራ ግን ይቅር በይ ተብላ አልተጠየቀችም።

ድራማውን የገደለው መልሱ ሳይሆን ከመልሱ በኋላ የመጣው ነው። ቀጣዩ ክፍል የሚከፈተው ከሦስት ቀን በኋላ፣ እዚያው የፓልመሮች ሳሎን ውስጥ ነው። የለቅሶ ድግስ ላይ ሰው ምግብ ያነሣል፤ ከንቲባውና ወንድሙ በሴት ጉዳይ ይጣላሉ፤ እንግዳ ይስቃል። ከዚያ ወዲያ ሳራ ከታሪኩ ልትጠፋ ምንም አልቀራት። ባልም ልጅም የቀበረች ሴት ቤቷን ዘግታ ቀረች፤ ደራሲዎቹ ወደ ቼዝ ጨዋታና ወደ አዲስ ፍቅረኞች ሄዱ። ሼሊ በናፕኪን መያዣ ያደረገችውን ድራማው ራሱ አደረገው። ተመልካቹ ሸሸ፤ ጁን 1991 ላይ በ30ኛው ክፍል ተቋረጠ።

ሊንች ግን ቤቱን አልተወውም። በ1992 ወደ ኋላ ተመልሶ የላውራን የመጨረሻ ሰባት ቀናት በፊልም ሠራ። ቡናና ፓይ ፈልጎ የመጣው ተመልካች ተናደደ፤ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይም ፊት አላገኘም። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይኸው ነው። እራት ሊበላ ሲል ሊላንድ ልጁን «እጅሽን ታጥበሻል?» ይላታል። እጇን ይዞ ጥፍሯን ይመረምራል፤ ቆሻሻ ያገኛል፤ አንገቷ ላይ ያለውን ሐብል እያሻሸ ማን እንደሰጣት ይጠይቃል። ሳራ አትወድም ተው ስትለው የምትወደውን አንቺ ምን አውቀሽ ብሎ ይመልስላታል። ቦብ በቦታው የለም፤ ቀይ መጋረጃም የለም። ጠረጴዛ፣ ሳህንና አንድ አባት ብቻ ነው ያለው። ማታ ደግሞ ክፍሏ ድረስ ሄዶ እያለቀሰ እወድሻለሁ ይላታል። ሊላንድን የሚጫወተው ሬይ ዋይዝ ይህን ሲጫወት ጭካኔውም ፍቅሩም እውነት መስለው ይታያሉ፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

በ2017 ሾውታይም ያሳየውን 18 ክፍል ሊንች ራሱ መራው። ሰው ሁሉ ስለ ስምንተኛው ክፍል፣ ስለ 1945ቱ የኒው ሜክሲኮ የአቶም ቦምብ ሙከራ ያወራል፤ በእርግጥም በቴሌቪዥን እንደዚያ ያለ ሰዓት አላየሁም። ዓይኔ የቀረው ግን ሳራ ላይ ነው። እዚያው ቤት፣ እዚያው ሳሎን፣ ብቻዋን ሲጋራዋን እያጨሰች፣ ቮድካዋን እየጠጣች ቴሌቪዥን ታያለች፤ የቦክስ ግጥሚያ ተመልሶ ተመልሶ ይደገማል፣ እሷ ግን ልብ አትለውም። ኩፐር በበኩሉ ሁሉን ላስተካክል ይላል። ወደ 1989 ተመልሶ ላውራን ከሞት መንገድ ላይ እጇን ይዞ ያወጣታል፤ ሬሳዋም ከውኃው ዳር ይጠፋል። ከዚያ ቴክሳስ ውስጥ የላውራ መልክ ያላትን፣ በሌላ ስም የምትጠራ ሴት አግኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ነድቶ ወደ ፓልመሮች ቤት ይወስዳታል። በሩን የምትከፍተው የማያውቃት ሴት ናት። ዓመተ ምሕረቱ ጠፍቶበት መንገድ ላይ ሲቆም ከቤቱ የሳራ ጥሪ ይሰማል፤ ሴትየዋ ትጮኻለች፤ መብራቱ ይጠፋል። ይህን መጨረሻ የሚያብራራ ሥዕላዊ ካርታ ሞልቷል። እኔ በውስጡ የማየው በጎ ሰው ብቻ ነው፤ የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ሟቿን ማዳን መስሎታል።

ሊንች በጃንዋሪ 2025 ካረፈ ወዲህ ድራማውን ከመጀመሪያው ማየት የጀመረ ሰው በዝቷል፤ ከየት ልጀምር ብሎ የሚጠይቀኝም አለ። በቅደም ተከተል እዩት። በሁለተኛው ምዕራፍ መሃል ጄምስ የሚባለው ወጣት በሞተር ሳይክሉ ከከተማ ሲወጣ አብራችሁት ባትሄዱ የሚጎድልባችሁ የለም፤ የመጨረሻውን ክፍል ግን እንዳትዘሉ። የ2017ቱን ከመክፈታችሁ በፊት ፊልሙን እዩ። ጎበዝ ነን ያሉ ብዙዎች ፊልሙን ዘለው ሄደው አሥራ ስምንቱን ክፍል ሙሉ ኩፐርን ሲጠብቁ ነው የከረሙት።