የተሰረዘው አንቀጽ

ልጄ 8ኛ ክፍል ሳለች አንድ ማታ እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ጄፈርሰን ስለ ባሪያ ንግድ የጻፈውን ለምን ሰረዙት?» አለችኝ። ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና መቶውን ጥያቄ ሸምድጃለሁ። የነጻነት አዋጁን ማን እንደጻፈውና መቼ እንደጸደቀ በደንብ አውቃለሁ። የተሰረዘ አንቀጽ እንዳለው ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን በ1776 ባዘጋጀው ረቂቅ ውስጥ የእንግሊዙን ንጉሥ በባሪያ ንግድ የሚከስ አንቀጽ ነበር። ኮንግረሱ አወጣው። ጄፈርሰን በኋላ እንደጻፈው፣ የተሰረዘው ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ እንዳይከፋቸው ነው፤ በንግዱ የተጠቀሙ የሰሜን ሰዎችም ነገሩ ይነካቸው ነበር። ከሳሹ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ ዛሬም ዋሽንግተን፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በወላጆች ቀን የታሪክ መምህርቷን አመሰገንኳት። ክረምቱን በአንድ የመምህራን ሥልጠና ላይ የረቂቁን ቅጂ ከባልደረቦቿ ጋር መስመር በመስመር ስታነብ እንደሰነበተች ነገረችኝ። «ስንት ዓመት ሳስተምረው ረቂቁን አይቼው አላውቅም ነበር» አለችኝ። መጽሐፉ የሚነግራትን ትነግር የነበረች መምህርት፣ ከዚያ በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ወረቀቱን እንዲመረምሩ አደረገች። የልጄ ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው።

እንዲህ ያለው ሥልጠና እንደ ትርፍ ነገር መታየቱ ያሳዝነኛል። ሕገ መንግሥቱን ከኪሳቸው የማይለዩ የነበሩት የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ሮበርት በርድ ባስጀመሩት ድጎማ፣ ከ2001 ጀምሮ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲዎችና ከሙዚየሞች ጋር እየተጣመሩ የታሪክ መምህራንን ያሠለጥኑ ነበር። በአሥር ዓመት ገደማ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት፤ ከዚያ በ2012 በጀት ገንዘቡ ተቋረጠ። ድጎማው እንከን አልነበረውም አልልም። ፕሮፌሰሩ ሲናገር መምህሩ አዳምጦ የሚሄድበት፣ የሰማውን ለ13 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚያቀርበው ሳይለማመድ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ያ ግን መታረም ነበረበት እንጂ መዘጋት አልነበረበትም።

በ2022 በተሰጠው አገር አቀፍ ፈተና ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በአሜሪካ ታሪክ ብቁ የተባሉት 13 በመቶ፣ በሥነ ዜጋ 22 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ያመጣው የድጎማው መቋረጥ ብቻ አይደለም፤ ወረርሽኙ አለ፣ ለንባብና ለሒሳብ ሲባል የታሪክ ክፍለ ጊዜ መጥበቡም አለ። ዛሬም ጥሩ ዕድሎች አልጠፉም። በ1986 በኮንግረስ የተቋቋመው የጄምስ ማዲሰን ድርጅት የሕገ መንግሥት መምህራንን ለማስተርስ ዲግሪ ያስተምራል፤ ግን ከየስቴቱ በዓመት ዕድሉን የሚያገኘው አንድ መምህር ያህል ነው። በጎረቤቱ ክፍል ያለው መምህርስ?

እኛ በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ልጆች የምናሳድግ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ያገባናል። ሌሊት ሠርቶ የሚገባ፣ ዓድዋን እንጂ ፊላደልፊያን ያልተማረ ወላጅ ቤት ውስጥ ሊያግዝ አይችልም። ልጁ ይህን አገር የሚያውቀው መምህሩ ባወቀው ልክ ነው።

የትምህርት ቦርዳችን በጀት ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ ለመናገር ተመዝግቤያለሁ። የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነው። የማነሣው የመምህራን ሥልጠና ቀናትን ብቻ ነው፤ ረቂቁንም ይዤ እገባለሁ፤ ልጄ አትማልኛለች።