የሕይወት ታሪኩ ላይ የማይነበበው

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ይላል። ትምህርት ቤቱ፣ የሥራ መደቡ፣ የልጆቹ ብዛት ይከተላል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ይልና ያበቃል። ስም እየቀየሩ ለማንም ማንበብ ይቻላል።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ፣ አንድ ጎረቤታችን ሲቀበሩም እንዲሁ ሆነ። እጀ ወርቅ ነበሩ። የሰፈሩን የተቃጠለ ምጣድ ሽቦ የሚቀይሩት፣ ክረምት ሲገባ የብቸኛ አሮጊቶች ጣሪያ ላይ ማንም ሳይጠራቸው ወጥተው ቆርቆሮ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። ገንዘብ ሲሰጧቸው ይቆጣሉ፤ ቡና ግን እምቢ አይሉም። የተነበበልን የመሥሪያ ቤታቸው ስምና የጡረታቸው ዘመን ነው። ልጆቻቸው የሚያለቅሱት ግን መሥሪያ ቤቱን እያነሱ አልነበረም።

ይህ በተራ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ቢሆን ዝም ባልኩ። ትልልቆቹንም ከዚህ አናስቀራቸውም። ቄስ ጉዲና ቱምሳን ውሰዱ። በ1921 ዓ.ም. ወለጋ፣ ቦጂ የተወለዱ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ፣ የነገረ መለኮት ሊቅ፣ ሰማዕት። ይህን ሁሉ ትሰማላችሁ። ገና ቄስ ሳይሆኑ ነቀምቴ ሆስፒታል ድሬሰር እንደነበሩ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሙን ይረዱ እንደነበር የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ሰው ነው። ቢነገርም እንደ መንደርደሪያ ታልፎ ነው።

እኔ ግን መንደርደሪያ አይመስለኝም። በ1964 ዓ.ም. መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ታዋቂ ደብዳቤ ጻፈች። የውጭ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለስብከት ሲሆን ይሰስታሉ፤ ሰው ግን ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም የሚል ነበር። በቄስ ጉዲና ዘመን የወጣ ደብዳቤ ነው። ምሁራን ነገረ መለኮቱን ሲተነትኑ ኖረዋል። ቁስል በእጁ ያሰረ ሰው ሐሳብ መሆኑ ለእኔ ከዚያ ይበልጥብኛል። (ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ ማዕረግ ሳይሆን ስለ ሰው ጻፉ ይሉን ነበር፤ ተመርቀን ስንወጣ ግን ማዕረግ መቅዳት ይቀለናል።)

ስለ አባትነታቸውና ስለ ባልነታቸውማ ጭራሽ አይወራም። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። የታንዛኒያው ፕሬዝዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበት መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር፤ ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ይህ ጀግንነት ነው፣ እስማማለሁ። ግን ቤት ውስጥ ሚስትና ልጆች ነበሩ፤ የውሳኔውን ዋጋ እነሱም ከፈሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ፣ ኡራኤል አካባቢ ካለው ጸሎት ቤት ሲወጡ ታፈኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አብረዋቸው ነበሩ። በኋላ እሳቸውም ታሰሩ፤ አሥር ዓመት ያህል።

ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ቄስ ጉዲና የት እንዳሉ ለቤተሰቡ የነገረ የለም። የተገደሉት በታፈኑበት ሌሊት ነው። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ሰኔ 1984 ላይ ነበር። ልጆቻቸው የአባታቸው የሕይወት ታሪክ የሚነበብበት ቀብር ያገኙት ከ13 ዓመት በኋላ ነው።