እንሶስላ በበረንዳ ላይ

ላምበረት አካባቢ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አንባቢያችን «ለመጪው ጥር ልጄን እድራለሁ፤ የምትሞቀውን እንሶስላ በበረንዳዬ ላይ በባልዲ ተክዬ ላደርስላት እችላለሁ ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ቁርጡን ለመናገር ለዘንድሮው ሠርግ አይደርስም። ሥሩ ወፍሮ ለሁለት እጅና ለሁለት እግር እንዲበቃ ቢያንስ ሁለት ክረምት ቢያልፈው ይሻላል። ስለዚህ ለሙሽራዪቱ ከገበያ ይግዙላት፤ ነገር ግን ከገዙት ውስጥ ያልደረቀውን፣ ያልቆሰለውንና ጫፉ ላይ ቡቃያ ያለውን አንድ ሁለት ሥር መርጠው ለዘር ያስቀሩ። ታናሽ እህት ካለቻት ለእርሷ ይደርሳል።

አብዛኞቻችን የከተማ ሴቶች እንሶስላን የምናውቀው አፈር እንደለበሰ በገበያ መደብ ላይ ተቆልሎ ነው። አበባውን ያየነው ጥቂቶች ነን። ግንዱ ውሃ የሞላው፣ በቀላሉ የሚሰበር፣ ሲመቸው እስከ 2 ሜትር የሚያድግ ተክል ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ቀለም የተነከረ ይመስላል፤ ከኋላው ቀጭን ረጅም ጅራት አለው። ሽታው የሚያውደው ወደ ማታ ላይ ሲሆን፣ የሚጠራውም የሌሊት የእሳት ራቶችን ነው። በሳይንስ ስሙ ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። የመጀመሪያው ቃል «ትዕግሥት የለሽ» ማለት ነው፤ የበሰለው ፍሬ ገና ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናልና። ሁለተኛው ማቅለሚያነቱን የሚያመለክት ነው። አገሩ ኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን፣ እኛ ለሥሩ ስንል የምንነቅለውን የእንግሊዝ አገር አትክልተኞች ለአበባው ሲሉ ይተክሉታል። ከበረዶ ለማዳንም ሥሩን በክረምታቸው በቅጠል ይሸፍኑታል።

በዱር የሚበቅለው በወንዝ ዳርና በጥላማ ሸለቆ ነው። በቤትም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል፤ የቀትርና የከሰዓት ፀሐይ ግን ቅጠሉን ያጠወልገዋል። በረንዳዎ ወደ ምዕራብ የዞረ ከሆነ ከግድግዳው ጥግ ወይም ከሌላ ረጅም ተክል ሥር ያስጠጉት። ባልዲው ወይም የዘይት ጄሪካኑ ጥልቀቱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው፤ ታችኛው መበሳቱን ግን አይርሱ። ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል። አፈሩን በሚገባ ከበሰበሰ ፍግና ከጥቂት አሸዋ ጋር ያዋህዱ። (የላምበረት ሰው ፍግ ከየት ላምጣ ቢል የሰፈሩ ስም ራሱ ይታዘበዋል፤ ዛሬ ግን ከችግኝ ሻጮች መግዛት ሳይሻል አይቀርም።) ትኩስ ፍግ ያቃጥላልና አይጠቀሙ።

ሥሩን በግንቦት፣ ቡቃያውን ወደ ላይ አድርገው አራት ጣት ያህል ቀብረው ይትከሉ፤ በአንድ ባልዲ አንድ ብቻ። ክረምቱ ያሳድገዋል። ዝናቡ ሲያቆም አፈሩ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ያጠጡት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ፣ በተለይም ውርጭ በሚጥልበት ገላጣ ግቢ፣ ግንዱ ጠቁሮ ቢወድቅ «ሞተ» ብለው አይጣሉት። ሥሩ በሕይወት ስላለ በጭድ ወይም በደረቅ ቅጠል አልብሰው፣ አፈሩ እርጥበቱን ጨርሶ እንዳያጣ ብቻ ጥቂት ጥቂት ውሃ እየሰጡ ያቆዩት።

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ቅጠሉ በረገፈበት በበጋው ወራት፣ ጎን ጎኑን ቆፍረው የጎን ሥሮቹን ብቻ ይውሰዱ፤ ግንዱ የተነሣበትን መሐለኛውን ለከርሞ ይተዉት። በዱር ያለው እንሶስላ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይታደልም፤ ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሲነቀል ተክሉም አብሮ ያልቃል። አንድ ባልዲ በበረንዳ ላይ ማኖር ለሸለቆው ጥቂትም ቢሆን ያግዘዋል።

ሙሽሮቻችን እንሶስላ አልደርስ ሲላቸው በየውበት ሳሎኑ «ጥቁር ሂና» ወደሚባለው ይሄዳሉ። እውነተኛው ሂና ቡናማ ቀይ እንጂ ጥቁር አይደለም። ለማጥቆር የሚጨመረው ፓራ ፌኒሊን ዲያሚን የተባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ቆዳን ሊያቆስልና ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ አንዴ ቆዳዋ የተቆጣባት ሴትም በኋላ ፀጉሯን በዚያው ቀለም ስትቀባ ብርቱ ሕመም ሊገጥማት ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ ከመቀባቷ በፊት ውስጡ ምን እንዳለበት ትጠይቅ፤ ባለሙያዋ ካላወቀች ይቅርባት።