አመልና ፍርሃት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ በመካከላችን የለም። ተረቱ የሚነገረው ስለ ድመት ብቻ አይደለም፤ ሌባው ሌባ፥ ሰነፉ ሰነፍ፥ ፈሪውም ፈሪ ሆኖ ይኖራል ለማለት ነው። እኔ በበኩሌ ተረቱ በአንድ ነገር ተሳስቷል እላለሁ። አይጥ ማደን የድመት አመል ነው፤ እርሱን አትረሳም። ፍርሃት ግን አመል አይደለም፤ ከውጭ የደረሰባት ነገር ነው። የደረሰባትንም ነገር፥ የምትኖርበት ቤት ከፈቀደላት፥ ቀስ በቀስ ልትረሳው ትችላለች።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼ አይደለም። አክስቴ የሚኖሩት በጋይንት፥ ከቤተ ልሔም አቅራቢያ ነው። ባለፈው ዓመት፥ ከፋሲካ በኋላ፥ ልጆች በድንጋይ ሲያሳድዷት ያገኟትን አንዲት ግራጫ ድመት ወደ ቤታቸው አስገቡ። ድመቲቱም ከጎታው ኋላ ገብታ ተሸሸገች። የጎረቤቱ ሁሉ ምክር አንድ ነበር፤ «አንገቷን በገመድ ከምሰሶው ጋር ይሰሯት፤ ሳምንት ሳይሞላ ትለምዳለች» ይላቸዋል። አክስቴ ግን «የታሰረ አይሄድም እንጂ አይለምድም» ብለው እንቢ አሉ።

የሠሩት ሥራ እጅግ ቀላል ነው። ጎታውን ከቦታው አላነቃነቁም። ማታ ማታ፥ ከራት በኋላ፥ ወተት የነካው እንጀራ በገል አድርገው ከጎታው ሥር ያኖሩና ይተኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገሉ ሌሊት ተልሶ ያድራል፤ ድመቲቱ ግን አትታይም። ቀጥሎም ገሉን በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ስንዝር ወደ ምድጃው ያቀርቡት ጀመር። እርሳቸውም ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ጥጣቸውን ይፈትላሉ። ሰኔ ሲገባ ድመቲቱ አክስቴ ተቀምጠው ሳሉ መብላት ጀመረች። በወሩ መጨረሻ አንድ ብርቱ ነጐድጓድ ቢመታ ተመልሳ ከጎታው ኋላ ገባችና ሦስት ቀን አልወጣችም። አክስቴም ሳይቆጡ ገሉን ወደ መጀመሪያው ቦታ መልሰው እንደ ገና ጀመሩ። እኔ በሐምሌ ለዕረፍት በደረስሁ ጊዜ ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ትተኛ ነበር፤ እኔን ስታይ ግን ትሰወራለች። በጳጉሜን፥ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ፥ እግሬን ታክካ አለፈች።

ሊቃውንት የደረሱበትም ከአክስቴ ሥራ ብዙ አይርቅም። የቤት ድመት ከአፍሪካ የዱር ድመት የተገኘች ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፥ ሰውና ድመት ጎን ለጎን የተቀበሩበት መቃብር መገኘቱ ተገልጧል። በዚያ በጥንቱ ዘመን ድመትን ወደ ሰው ያቀረባት በጎተራ ዙሪያ የሚርመሰመሰው አይጥ እንጂ ገመድ እንዳልሆነ ይታመናል። ከተወለደች ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት የሰው እጅ ያልዳሰሳት ድመት ኋላ ሰውን ለመልመድ ትቸገራለች፤ ይህም ነገሩ ይዘገያል ማለት እንጂ ቀረ ማለት አይደለም። በሆላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፥ ወደ መጠለያ አዲስ ከገቡ 19 ድመቶች መካከል ለ10ሩ መደበቂያ ሣጥን ተሰጣቸው፤ ለ9ኙ ተከለከለ። ቶሎ የተረጋጉት መደበቂያ ያገኙት ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳዩት፥ ድመት ፊቱን ሳይለውጥ ዝም ካለ ሰው ይልቅ ዓይኑን ቀስ ብሎ ጨፈን ገለጥ ወደሚያደርገው ሰው ትቀርባለች። እንግዲህ አክስቴ ጎታውን አለማነቃነቃቸውና ፊታቸውን ማዞራቸው ከንቱ ነበርን?

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ ውሻ እየጮኸበት ከሩቅ አገር የሚመጣው የቆሎ ተማሪ፥ የቅዱስ ያሬድ የሚባለውን ዜማ በአንድ ሳምንት ያውጣ የሚለው የለም። ድጓ ዓመታት እንደሚፈልግ መምህሩም ሕዝቡም ያውቃል። ለሰው ይህን ያህል መታገሥ የሚያውቅ አገር ለድመት ሲሆን ከገመድ በቀር መላ ማጣቱ ያሳዝናል።

«ሰው በሚቸገርበት አገር ስለ ድመት ፍርሃት መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ቤት ጎታው ውስጥ ያለው እህል የዓመት ጉርስ ነው። ዝናም ባጠረበት ዓመት አይጥ የምትበላው ከልጆች አፍ የሚወሰድ ነው። የታሰረች ድመት ገመዱ ከሚደርስበት አልፋ አታድንም፤ በዱላ የተባረረችውም ሸሽታ ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ የቀረው መርዝ ነው፤ መርዝ የበላችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ትዕግሥቱ ከቅንጦት አይቆጠርም፤ እህል ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ እኛው ግቢ ልመለስ። ከመመገቢያ አዳራሹ ኋላ የሚያድሩትን ድመቶች በድንጋይ ማባረር ለአንዳንዶቻችን ጨዋታ ሆኗል። ደግሞም ድመቶቹ እየሸሹ ነው ብለን «አውሬ ናቸው» እንላለን። ራሳችን ያስፈራነውን ፈሪ ብለን መሳደብ የተማረ ሰው ሥራ ነውን? ከገጠር የመጣውን፥ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ ቃል የማይተነፍሰውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪስ በመጀመሪያው ሳምንት «ፋራ» ብለን ስንስቅበት ያው ፍርድ አይደለምን?

ድመት ማልመድ የሚፈልግ ወንድም ወይም እኅት ይህን ያድርግ። ምግቡን በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ያኑር፤ መሸሸጊያዋን አይዝጋ፤ አፍጥጦ አይያት፤ እርሷ ሳትመጣ አይያዛት። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውም ተረት የዚሁ ሕዝብ ተረት ነው። ከሁለቱ ተረቶች በአንዱ መኖር ካለብን፥ እኔ በዚህኛው ብንኖር እመርጣለሁ።